«አግብተሻል?»

ይህቺን ቃል ከሰማሁ ወራት አለፉ። እስከ ዛሬ ግን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ነበርኩ። አንድ ማታ እናቷ ከተኛች በኋላ የ17 ዓመቷ የእህቴ ልጅ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። «አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለእማዬ ግን እንዳትነግሪያት» አለችኝ። የክፍል ጓደኛዋ ነገር ነው። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው። የወንድ ጓደኛ ይዛለች። ብዙ ቀን አስባ፣ ድፍረቷን ሰብስባ፣ የእርግዝና መከላከያ ልትጠይቅ ብቻዋን ወደ አንድ ጤና ተቋም ትሄዳለች። እናቶች ወረፋ ይዘው ቆመዋል። የተቀበለቻት ባለሙያ እዚያው ወረፋው ፊት፣ ድምጿን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ «አግብተሻል?» አለቻት። ልጅቷ ዝም። «ቤተሰብሽ ያውቃል?» አስከተለች። ከወረፋው ውስጥ አንዷ የሰፈር ሰው ነበረች። ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፣ ተመልሳም አልሄደችም።

እኔ ይህን ስሰማ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። 10ኛ ክፍልን ሳትጨርስ ቀርታለች። የወንድ ጓደኛዋ ፈተናውን ተፈትኖ አልፏል።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅቷ እኮ ያደረገችው እኛ «ተጠንቀቁ» እያልን የምንመክረውን ነው። ተጠነቀቀች። በእግሯ ሄዳ ጠየቀች። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?

የምኖረው እንግሊዝ ነው። ወደ አገር ቤት ከመሄዴ ከጥቂት ወራት በፊት ደግሞ 13 ዓመት የሆናት ልጄ ከትምህርት ቤቷ ደብዳቤ ይዛ መጥታ ነበር። ስለ ግንኙነትና ስለ ወሲብ ትምህርት እንደሚጀምሩ ይገልጻል። ተናደድኩ። «ልጄን ማን ሊያበላሽ ነው?» ብዬ በነጋታው ሄድኩ። ወላጅ ልጁን ከወሲብ ትምህርቱ ክፍል የማስወጣት መብት እንዳለው አንብቤያለሁ፤ ልጠቀምበት ነው የሄድኩት። መምህሯ አልተከራከረችኝም። አስቀመጠችኝና የሚያስተምሩበትን ነገር አንድ በአንድ አሳየችኝ። አንድ ልጅ «የምትወጂኝ ከሆነ» ብሎ ሲያስጨንቅሽ ምን ትያለሽ? ፎቶ ላኪልኝ ሲልሽስ? ትልቅ ሰው ከሆነና ስጦታ ካበዛ? መከላከያ የሚባለው ምን ምን ነው? የሆነ ነገር ከደረሰ ለማን ይነገራል? እያገላበጥኩ ሳነብ እናቴ ከነዚህ አንዱን እንኳ ነግራኝ እንደሆነ አሰብኩ። አንድም አልነገረችኝም። «ከወንድ ጋር እንዳላይሽ» ነው ያለችኝ፣ እሱም በቁጣ። ወረቀቱን ሳልፈርም ተመለስኩ።

ይህ ትምህርት በእንግሊዝ በሁሉም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ሥራው ግን ከዚያ 20 ዓመት ቀድሞ ነው የተጀመረው። ያኔ ብሪታንያ በታዳጊዎች ወሊድ ከምዕራብ አውሮፓ አንደኛ ነበረች። በ1998 ከ15 እስከ 17 ዓመት ካሉ 1000 ልጃገረዶች በዓመት 47 ገደማ ያረግዙ ነበር። በ1999 የቶኒ ብሌር መንግሥት የ10 ዓመት ዕቅድ አወጣና ቁጥሩን በግማሽ እቀንሳለሁ ብሎ ተነሳ። በየአካባቢው አስተዳደር ይህን ብቻ የሚከታተል ሰው ተመደበ። ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ የወጣት ማዕከሉ አንድ ላይ እንዲሠሩ ተደረገ። የወለዱትም አልተጣሉም፤ ወደ ትምህርት እንዲመለሱ ድጋፍ ነበራቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥሩ የወረደው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ግን አልተዉትም። በ2014 ወደ 23 ወርዶ ነበር። ብዙ ለውጥ የታየውም ድሃ በሆኑና ገንዘብ በብዛት በተመደበላቸው አካባቢዎች ነው። ሁሉም የዕቅዱ ውጤት ነው አልልም፣ ዘመኑም ተለውጧል፣ ሴቶች ልጆች በትምህርት ላይ የሚቆዩበት ጊዜም ረዝሟል። ቢሆንም መንግሥት አንድ ነገር ይዞ 10 ዓመት ሙሉ ሳይለቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን አይቼበታለሁ።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የገረመኝ በሩ ነው። እዚህ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ክሊኒክ ገብታ መከላከያ ብትጠይቅ በነጻ ታገኛለች። ያገባሽ ነሽ ወይ የሚላት የለም። ለእናቷም አይነገርም። ይህ ነገር በቀላሉ የመጣ አይደለም። አንዲት እናት «ልጆቼ ከ16 ዓመት በታች ሳሉ ያለ እኔ ፈቃድ ሐኪም መከላከያ አይስጣቸው» ብላ ከሳ ጉዳዩ እስከ አገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ሰሚ አካል ደርሶ ነበር። በ1985 ተፈረደባት። ልጅቷ ነገሩን በደንብ የምትረዳ ከሆነ ሐኪሙ ምስጢሯን ይጠብቅላታል ተባለ። የሚያስገድዳት ወይም አደጋ ላይ የጣላት ሰው ካለ ግን ባለሙያው ዝም አይልም፣ ለሚመለከተው ያሳውቃል። እውነቱን ልናገር፣ በዚያን ጊዜ ብኖር ከእናትየዋ ጎን እቆም ነበር። እናት ነኛ። ልጄ ለማታውቃት ነርስ የምትነግራትን ለእኔ ብትነግረኝ እመርጣለሁ። ግን ባትነግረኝስ? ለእኔ ካልነገረች ለማንም አትናገር ልበል? የእህቴን ልጅ ጓደኛ ካወቅሁ በኋላ እንዲህ ማለት አቃተኝ።

አገር ቤት ምንም የለም እያልኩ አይደለም። የሚያበሳጨኝም መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተሠማርተዋል። በፀሐይ በእግራቸው እየዞሩ ቤት ያንኳኳሉ። መርፌውን ይወጋሉ፣ በክንድ የሚቀበረውንም ያስገባሉ። መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 8 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 36 ደርሰዋል። ይህን ያህል ለውጥ በ16 ዓመት ማምጣት ቀልድ አይደለም፣ እኔም በሄድኩበት ሁሉ በኩራት ነው የማወራው። ግን ቁጥሩን ልብ በሉት። «ባለትዳር ሴቶች» ነው የሚለው። ያቺ የ16 ዓመት ልጅ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለችም።

በጣም ያቃጠለኝ ደግሞ ይኸውላችሁ። የጤና ሚኒስቴር የቤተሰብ ምጣኔ መመሪያ አገልግሎቱ በመውለድ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ነው ይላል፣ አገባ አላገባ ሳይል። «አግብተሻል?» ብሎ በር መዝጋት ከመመሪያው አልመጣም። ከእኛው ነው የመጣው። ባለሙያዋ ያደገችው እኔ ባደግሁበት ቤት ነው። እናቴ የምታየኝን ዓይን ነው ለልጅቷ ያሳየቻት። ክፉ ሰው ናት ብዬ አላምንም። ምናልባት እንደ ልጇ አይታ ልታድናት አስባ ይሆናል። ግን አላዳነቻትም።

ሌላም ነገር አለ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ ዕድሜዋ ለአካለ መጠን ያልደረሰና በአካልም ሆነ በአእምሮ ልጅ ለማሳደግ ያልተዘጋጀች ልጅ ጽንሱን በጤና ተቋም ብታቋርጥ ወንጀል አይደለም ይላል። በዚህ ላይ የየራሳችን እምነት አለን፣ እኔም አለኝ። ግን ልጅቷ ሕጉ መኖሩን እንኳ አታውቅም ነበር። የነገራት የለም። መድኃኒት ቤት ሄዳ ፖስት ፒል፣ ከግንኙነት በኋላ ቶሎ የሚወሰደውን መከላከያ፣ መግዛት እንደምትችልም የሰማችው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው፣ ከጓደኛዋ።

እዚህ ባለ አንድ የሐበሻ ስብሰባ ላይ ይህን ሳወራ አንድ አባት «ማስፈራራት ነው እንጂ! ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ ይቅመሱት» አሉ። ተሞክሯል። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ፐርዝ ከተማ፣ ለተማሪ ልጃገረዶች ሌሊት የሚያለቅስ፣ ጡጦ የሚፈልግ አሻንጉሊት ሕፃን ለቀናት ሰጥተዋቸው ነበር። እንዲሰለቻቸው ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ ሲወጣ አሻንጉሊቱን ከወሰዱት ከመቶ 17ቱ 20 ዓመት ሳይሞላቸው አርግዘዋል። ካልወሰዱት 11ዱ። ማስፈራራቱ እንዲያውም አባሰው። ለአባትየው ነገርኳቸው፣ አላመኑኝም።

ደግሞ የእንግሊዝን ነገር እንዳለ ገልብጠን እንውሰድ የሚል የኢትዮጵያን ገጠር አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች ከመቶ 13ቱ ወልደዋል ወይም አርግዘዋል። አዲስ አበባ 3 ነው፣ አፋር 23። ይህን ልዩነት የሚያመጣው በአብዛኛው ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ቢልም የ15 ዓመት ልጅ ትዳራለች። እሷ «አግብተሻል?» ብትባል «አዎ» ነው መልሷ። በሩ ይከፈትላታል። ግን አማቷም ባሏም ዓመት ሳይሞላ ሆዷን ነው የሚያዩት። ለእሷ የሚያስፈልገው ቀድሞ፣ ከሠርጉ በፊት ነው። ይህም በአገራችን ተሞክሮ ሠርቷል! አማራ ክልል ውስጥ ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006፣ የክልሉ ወጣቶች ቢሮ ያለበት። ለልጃገረዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጡ፣ ማኅበረሰቡን አወያዩ፣ ልጁን ሳይድር ላቆየ ቤተሰብ መጨረሻ ላይ በግ ሰጡ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ካሉት መካከል የሚዳሩት ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቦታ ጋር ሲተያይ በጣም አነሱ። ደብተርና በግ ነው እኮ! ይህን ያህል ርካሽ ነገር በየወረዳው አለመስፋፋቱ ያንገበግበኛል።

ከተማ ላይ ደግሞ በግ አያስፈልግም። አንድ ክፍል፣ አንድ የምትዘጋው በር፣ አንዲት ድምጿን ዝቅ የምታደርግ ነርስ። ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪ ከትምህርት ሲወጣ የሚከፈት። በወረፋው መሃል የማያሳልፍ።

እንግሊዝ ከተመለስኩ በኋላ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ድምጿ ቀጭን ነበር። «አክስቴ፣ እኔስ ብሄድ እንዲሁ ይሉኛል?» አለችኝ። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ጠይቄ አፈላልጌ በሌላ ሰፈር ለወጣቶች ተብሎ የተለየ ክፍል ያለው ጤና ተቋም እንዳለ ነገርኳት። ሌላ ጓደኛዋን ይዛ ዓርብ ከሰዓት ሄዱ። ክፍሉ አለ። በሩ ላይ «የወጣቶች» የሚል ተለጥፏል። ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘችው ሥልጠና ሄዳለች፣ ሰኞ ጠዋት ተመለሱ ተባሉ።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት አላቸው።