ማስተካከያ፦ ኢቶ ሂሮቡሚ ለንደን ተማረ እንጂ አልተመረቀም

ባለፈው «ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመርቀው የት የት ደረሱ?» ብዬ በጻፍኩት ላይ፣ የመጀመሪያው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ኢቶ ሂሮቡሚ ዲግሪውን እዚያ እንደያዘ ገልጬ ነበር። ስህተት ነው።

የኮሌጁ የራሱ የታሪክ ጽሑፎችና የኢቶ የሕይወት ታሪኮች የሚሉት ሌላ ነው። ኢቶ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ለንደን የገባው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ያኔ ያለፈቃድ ከጃፓን መውጣት በሞት ያስቀጣ ስለነበር የወጡት ተደብቀው ነው። እጁን ዘርግቶ የተቀበላቸው የኬሚስትሪው ፕሮፌሰር አሌክሳንደር ዊልያምሰን ነበር። ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ የምዕራባውያን መርከቦች ግዛቱን ቾሹን ሊያጠቁ መሆኑን ሰምቶ በ1864 ተመለሰ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው በ1885 ነው።

በዚያው ጽሑፍ የጠቀስኩት የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የኮልድፕሌይ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ጋይ ቤሪማንም አልተመረቀም። ምህንድስና ጀምሮ ወደ አርክቴክቸር ዞረ፤ እሱንም አቋረጠው።

ስለዚህ በርዕሱ «ተመርቀው» የነበረውን «ተምረው» ብዬዋለሁ። ዲግሪው ኢቶን ለሥልጣን እንዳበቃው የሚያትተው አንቀጽም ወጥቷል። የፊልም ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ባለበት ይቆያል፤ እሱ ተመርቋል፣ ያውም በፊልም ሳይሆን በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ። የቀድሞውን ያጋራችሁ በዚህ ተኩልኝ።