ድንኳኑ ሲነሳ ልጁስ?

ደሴ ውስጥ ሰው ሲሞት "ማን ምን ይሥራ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቅሬው (የወሎ እድር) ድንኳን ይጥላል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ እንጀራና ወጡ ከየቤቱ ይመጣል። ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ለቅሶ አብሮ ይቀመጣል። በወሎዬነቴ ከምኮራባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ወላጁ ለሞተበት ልጅ ግን በዚህ ሁሉ ወግ ውስጥ ቦታ አላበጀንለትም።

አባቴ ሲሞት 11 ዓመቴ ነበር። በማለዳ አንድ ዘመዳችን "አክስትህ ትፈልግሃለች" ብሎ ሚኒባስ አሳፈረኝና የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። ከአክስቴ ልጆች ጋር ኳስ ስጫወት ሰነበትኩ። ስመለስ የአባቴ ጋቢ ከተሰቀለበት ምስማር ላይ የለም። "አባዬስ?" ስል "ለሥራ ርቆ ሄዷል" አሉኝ። እውነቱን የነገረኝ የክፍሌ ልጅ ነው፤ በእረፍት ሰዓት ስንጣላ። አባቴ ሲቀበር እኔ ኳስ እጫወት እንደነበር ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

የላኩኝ ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ልጁ እንዳይደነግጥ ብለው ነው። ግን 5 ዓመት ያልሞላው ሕፃን የሞተ ሰው ተመልሶ የሚመጣ ይመስለዋልና "ሄዷል" ሲሉት መጠበቅ ይጀምራል። ከፍ ያለው ደግሞ እውነቱን ሲደብቁት ጥፋቱን ከራሱ ይፈልጋል፤ "ሲልከኝ እምቢ ስላልኩት ይሆን?" ይላል። ስለዚህ መርዶውን ከሚያምነው ሰው አፍ፣ "ሞቷል" በሚለው ቃል ይስማ። ቀብር መሄድ ከፈለገ፣ የሚያየውን አስቀድሞ የሚነግረው ትልቅ ሰው እጁን ይዞት ይሂድ። ካልፈለገ አይገደድ።

ጎረምሳውንማ "አብሽር! ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ" እንለዋለን። ደግ ቃል ይመስላል፤ በ14 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ግን ቤት መጫን ነው። እህቱም ለቅሶ ደራሹን ስታስተናግድ የምታለቅስበት ጊዜ አታገኝም። ያልወጣው ሐዘን ከወራት በኋላ በሌላ መልክ ይመጣል፦ ትምህርት መጥላት፣ በትንሹ መደባደብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምክንያቱ የማይታወቅ የሆድ ሕመም። እኛም "ጠባዩ ተበላሸ" እንላለን። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ በወጉ ያልተለቀሰለት ሟች ብዙ ነበር። ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ጎረምሳ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 ወር በላይ ዘልቆ ኑሮን የሚያሰናክል ከባድ ሐዘንን ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል። "እኔም ልሙት" የሚል ልጅ ካለ ግን አንድ ቀንም አይጠበቅም፤ ሆስፒታል ይወሰድ።

ቅሬዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ድንኳኑ ሲነሳ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሰው ይመደብለት። ጎረቤት፣ የኳስ አሠልጣኝ፣ የቁርዓን አስተማሪ፣ የንስሐ አባት፣ ልጁ የሚወደው ማንም ይሁን። ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ ይጎብኘው፤ የሟቹን ስም እየጠራ ያጫውተው።

ለእኔ ይህን ያደረጉልኝ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሼህ ናቸው። በዓመቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድረስ ወስደው የአባቴን መቃብር አሳዩኝ። "አልቅስ ልጄ፣ እኔ እዚሁ ቆሜያለሁ" አሉኝ።