ፈሪ አብራሪ ይሻለኛል

ክረምት በገባ ቁጥር ኮምቦልቻ ላይ የማይጠፋ ወሬ አለ። ከአዲስ አበባ የመጣው አውሮፕላን ከደመናው በላይ ድምፁን ያሰማል፣ ዞር ዞር ይላል፣ ከዚያ ሳያርፍ ይመለሳል። ሊቀበል የወጣው ሰው አንጋጦ ሲጠብቅ ቆይቶ እያጉረመረመ ወደ ባጃጁ ይገባል። ፍርዱ የሚሰጠው ሻይ ቤት ነው፤ «የዛሬ ልጆች ፈሪ ናቸው። የድሮ የሚግ አብራሪ ቢሆን ደመናውን ሰንጥቆ ያሳርፈው ነበር።» ይህን ያለው ሰው ወደ እኔ ዞር ይልና «አይደል እንዴ ሻለቃ?» ይላል።

አይደለም። ኤፍ-5 ላይ ጀምሬ ሚግ-21 ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን የደንብ ልብሴን አውልቄ፣ ኋላም ከአገር ውጭ በአንድ የጭነት ድርጅት ረዳት አብራሪ ሆኜ ሠርቼ፣ ጡረታዬን ይዤ ወሎ ገብቻለሁ። የጦሩንም የሲቪሉንም ወንበር አውቀዋለሁ። ሙገሳው ደስ ስለሚል ዝም ማለት እችል ነበር፤ ግን ተጠንቅቆ የተመለሰውን ልጅ በእኔ ስም ሲሰድቡት መስማት ሰልችቶኛል።

ልዩነቱ ከወንበሩ ይጀምራል። የተዋጊ ጄት ወንበር ከሥሩ ተወንጫፊ አለው። ሞተሩ ቢጠፋ ወይም ክንፉ ቢመታ እጀታውን ስቤ ከነወንበሬ እፈናጠራለሁ፣ ጃንጥላው ይከፈታል። እግር ሊሰበር ይችላል፤ ጠላት መካከል መውደቅም አለ። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በኦጋዴን ጦርነት የሶማሊያን ሚጎች ከጣሉ በኋላ ራሳቸው ተመትተው ተማርከው 11 ዓመት ሶማሊያ ውስጥ ታስረዋል። ቢሆንም መውጫ በር አለ። ኮምቦልቻ በሚመላለሰው ኪው-400 የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ ካሉት ሰባ ምናምን ወንበሮች ግን አንዱም አይፈናጠርም፤ የካፒቴኑም ጭምር።

አውሮፕላኖቹ ራሳቸው ለየቅል ናቸው። ኤፍ-5 ከክብደቱ ሰባት እጥፍ የሚበልጥ ጫና ችሎ ይታጠፋል። የመንገደኛ አውሮፕላን የሚሠራው ለሁለት ተኩል እጥፍ ነው። እኔ ጋራ ድንገት ፊቴ ቢደቀን አፍተርበርነሩን፣ ለሞተሩ ተጨማሪ ጉልበት የሚሰጠውን እሳት፣ ለኩሼ ሽቅብ መተኮስ እችል ነበር። የመንገደኛው አብራሪ ጋራውን ማሰብ ያለበት ገና አዲስ አበባ ሳለ ነው፤ ያውም «በዚያ ሰዓት አንዱ ሞተር ቢጠፋስ?» ብሎ።

ጋራ ደግሞ እኛ ዘንድ ሞልቷል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍ ብላ፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ተራራ ከቧት የተቀመጠች ከተማ ናት። ደሴ በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር መንገድ ወደ 2,500 ሜትር ትወጣለች፤ የጦሳ ተራራ ከዚያም በላይ ነው። ከፍታው አየሩን ያሳሳዋል፣ ሙቀት ሲጨመርበት ይብስበታል። አብራሪ ሁሉ የሚያውቀው ስሌት አለ፤ አቪዬሽን ለዚያ ከፍታ መነሻ አድርጎ ከያዘው የሙቀት መለኪያ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት፣ አውሮፕላኑ 120 ጫማ ያህል ከፍታ የተጨመረበት ያህል ይደክማል። በኮምቦልቻ ከፍታ መለኪያው 3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ሲሆን ትርፉ 25 ዲግሪ፣ በከፍታ ሲመነዘር 3,000 ጫማ፣ ማለትም 900 ሜትር ገደማ ይሆናል። አውሮፕላኑ ቆሞ ያለው ኮምቦልቻ ነው፤ ክንፉና ሞተሩ የሚሠሩት ግን ከደሴ በላይ እንዳለ ሆነው ነው። ለመነሳት ረጅም ሩጫ ይፈልጋል፣ ሲወጣም ያዘግማል።

ይህ የበጋው ጣጣ ነው። የክረምቱን ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ደሴን ያወቀ ጉምን ያውቃል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሹፌር ጉም ሲውጠው ዳር ይዞ፣ መብራት አብርቶ ይቆማል። አውሮፕላን ዳር ይዞ አይቆምም። ስለዚህ አቪዬሽን ሌላ መላ አበጀ። ለእያንዳንዱ ማረፊያ የተወሰነ ዝቅተኛ ከፍታ አለ፤ አብራሪዎች «ሚኒማ» ይሉታል። እዚያ ድረስ ወርደህ ማኮብኮቢያው ካልታየህ ሽቅብ ትነሳለህ። ጎ አራውንድ ይባላል፤ ምርጫ የለውም፣ ክርክርም የለውም። ነዳጁም የሚሞላው ይህን ታስቦ ነው፤ እስከ ኮምቦልቻ የሚያደርሰው፣ ከኮምቦልቻ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚወስደው፣ በዚያ ላይ ለግማሽ ሰዓት አየር ላይ የሚያቆየው። ሻይ ቤት «ፈርቶ ተመለሰ» የሚባለው ሰው ሳይነሳ በፊት መመለሻውን ቆጥሮ ጭኖ ነው የመጣው።

«ፈሪ ለእናቱ» እንላለን፣ ስናሾፍ። የሰባ ሰው እናት የጫነ ሰው ይፍራ እንጂ!

የሰዉ ግምት ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። በአገራችን አውሮፕላን ከጦር ጋር ነው የተዋወቀው። ፖቴዝ የተባለው የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው በመጋቢት 1922 አንቺም ላይ የራስ ጉግሣ ወሌን ጦር ለመውጋት ዋለ። ደሴ ላይ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋንም፣ የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋበትን ሆስፒታልም ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እዚሁ ነበሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንኳ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከዓለም ጦርነት በተረፉ ሲ-47 የጦር ማመላለሻዎች ነው፤ መንገደኛው ግድግዳውን ተደግፎ ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥባቸው። ጊዜው ሄዶ አየር መንገዱ የራሱን አብራሪ ማሠልጠኛ አቆመ፣ የራሱን ጠባይም አበጀ። የሻይ ቤቱ ወሬ ግን እዚያው ሲ-47 ላይ ቀርቷል።

የ1977ቱ ድርቅ ደግሞ አለ። መኪና በማይደርስበት ደጋ ላይ የእንግሊዝ ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል ከመሬት ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብለው እየበረሩ ጆንያ እህል ይጥሉ ነበር። እህሉ የሚወድቅበትን ቦታ የሚያመለክቱት የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ነበሩ። በዚያ ዘመን ምዕራብና ምሥራቅ አብረው የሠሩበት ሥራ ብዙ አልነበረም! በልጅነቱ ያንን ያየ ሰው፣ አብራሪ ማለት ገደል ለገደል እየታከከ የሚመጣ ሰው መስሎ ቢቀርበት አልፈርድበትም። ነገር ግን እነዚያ አውሮፕላኖች የጫኑት እህል ነበር። እህል ለመጣል የሚከፈለው ድፍረትና መንገደኛ ለማሳረፍ የሚከፈለው ድፍረት አንድ ዋጋ የላቸውም።

ጦሩ ቤት ነገሩ ሁሉ በግዳጅ ይለካል። ዒላማውን ሳይመታ፣ ቦምቡን እንደያዘ የተመለሰ አብራሪ ይጠየቃል፤ በእኛ ዘመን ደግሞ ጠያቂው ሁልጊዜ በረራ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አየሩ ነው ብለህ ብትመልስ የሚያምንህም የሚጠረጥርህም አለ። ወደ ጭነት ድርጅቱ ስገባ በጣም የገረመኝ ይህ ነው። በዕድሜ የእኔ ታናሽ የሆነ ካፒቴን በዝናብ ምክንያት ከመንገድ መልሶን፣ ወርደን ወረቀት ፈርመን ወደ ሆቴላችን ሄድን። «ለምን ተመለስክ?» ብሎ የጠራው አለቃ አልነበረም። ቢያርፍ ኖሮ፣ ያውም ከሚኒማው በታች ገብቶ ቢያርፍ፣ ያን ጊዜ ነበር የሚጠራው።

የግዳጅ መንፈስ መንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ዓለም አይቶታል። ሐምሌ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ሌሊት የኮሪያ አየር መንገድ ቦይንግ 747 ጉዋም ደሴት ላይ ሊያርፍ ሲል፣ በዝናብ ውስጥ፣ ማኮብኮቢያው ጋ ሳይደርስ ኮረብታ ላይ ወደቀ። ከ254 ሰዎች 228 ሞቱ። ካፒቴኑ ከአገራቸው አየር ኃይል የመጡ፣ ብዙ የበረሩ ሰው ነበሩ። ቁልቁል የሚመራው የራዲዮ ምልክት በዚያ ሰሞን ተቋርጦ ነበር፤ እሳቸውም ይህ ተነግሯቸዋል። የአሜሪካ መርማሪዎች ያገኙት ሁለት ነገር ነው፤ ካፒቴኑ አቀራረቡን በሚገባ አላስረዱም፣ አልፈጸሙምም፤ ረዳት አብራሪውና የበረራ መሐንዲሱ ደግሞ ካፒቴኑን አልተከታተሉም፣ አልሞገቱም። «እንመለስ» የሚለው ቃል ኮክፒቱ፣ የአብራሪዎቹ ክፍል፣ ውስጥ የተሰማው ሴኮንዶች ሲቀሩ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም የኛንም ቤት ያንኳኳል። እኛ ታላቅ ሲናገር ዓይን ሰብረን ማዳመጥ የተማርን ሕዝብ ነን። ሃያ ዓመት የበረሩ ካፒቴን አጠገብ የተቀመጠ የደሴ ልጅ ጋራው ሲቀርብ ቢሰማው እንኳ «እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ጨዋነት ነው፤ አየር ላይ ግን ይገድላል። በ1969 ዓ.ም. ቴኔሪፍ ላይ፣ በጉም ውስጥ፣ 583 ሰዎች በሁለት ጃምቦዎች ግጭት ሲያልቁ፣ ለመነሳት ይንደረደር የነበረው ጃምቦ የበረራ መሐንዲስ ያኛው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው አልወጣ ይሆን ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ወጥቷል አሉ፤ እሱም ዝም አለ። ከእንዲህ ያለ እልቂት በኋላ ነው ዛሬ ብዙ አየር መንገዶች ዘንድ ከሁለቱ አብራሪዎች ማንኛቸውም «ጎ አራውንድ» ካለ ሌላው ያለ ክርክር እንዲታዘዝ የተደረገው። ትናንት የተመረቀው ልጅ ካፒቴኑን ያዛል ማለት ነው። ወታደር ለነበረ ሰው ይህ ቶሎ የሚዋጥ አይደለም፤ እኔም ለመዋጥ ጊዜ ወስዶብኛል።

እዚህ ላይ አንድ የተማረ ሰው ሁልጊዜ ሱለንበርገርን ያነሳብኛል። እውነት ነው፤ በጥር 2001 ዓ.ም. ዝይዎች ሁለቱንም ሞተር ሲያጠፉባቸው ኒው ዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ አርፈው 155 ሰው ያተረፉት ካፒቴን የድሮ የኤፍ-4 ተዋጊ ጄት አብራሪ ነበሩ። «ይኸው፣ የጦር ሰው!» ይሉኛል። ታዲያ የኮክፒቱን ድምፅ ቅጂ ያንብቡት። አውሮፕላኑ ወደ ውኃው እየወረደ ሳለ እኚህ ሰው ወደ ረዳታቸው ዞረው «ሐሳብ አለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ረዳቱ የለኝም ይላል። ሰውየው ከጦሩ ከወጡ በኋላ ለዓመታት የአደጋ ምርመራ ላይ የተሳተፉ፣ የአብራሪዎችን የጋራ አሠራር ያስተማሩ ናቸው። ተዋጊ ጄት እጅ ያፍታታል፣ ፍርሃትን መግራት ያስተምራል፤ ይህን አልክድም፣ እኔም የኖርኩበት ነው። ያ ጥያቄ ግን የመጣው ከሌላ ትምህርት ቤት ነው።

ከጦሩ ወደ ሲቪሉ ቢሻገር የምወደው ሌላ ነገር ነው። ስኳድሮናችን ውስጥ ከበረራ ስንመለስ ቁጭ ብለን እያንዳንዷን ዙር እናፈርጣት ነበር፤ ማን ዘገየ፣ ማን ተጠጋ፣ ማን አላየም። እዚያ ክፍል ውስጥ ማዕረግ አይሠራም፤ መቶ አለቃው ሻለቃውን ዓይኑን እያየ «ተሳስተዋል» ይለዋል። እንደወጣን ሰላምታ እንሰጣጣለን። እንዲህ ያለ ግምገማ ለሐኪም ቤቱም ለቀበሌውም በተዋሰ እላለሁ፤ ይህ ሌላ ጽሑፍ ነው።

የመንገደኛውን ንዴት አላቃልልም። ኮምቦልቻ የሚመጣ ሰው ለሽርሽር አይመጣም። ቀብር ሊደርስ ነው፣ ሠርግ አለበት፣ ከሐኪም ቤት የተመለሰ በሽተኛ ይዟል። ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ መንገዱ በማይታመንበት ሰሞን ደግሞ ኪሎ ሜትሩን የሚቆጥርም የለም። ከአየር የተመለሰበት ሰው ቢቆጣ መብቱ ነው። የምለው ቁጣው የሚገባውን በር ያንኳኳ ነው። አየሩ ሲበላሽ አውሮፕላን እንዲያርፍ የሚያደርገው መሬት ላይ ያለ ነገር ነው፤ በየሰዓቱ የሚነበብ የአየር ሁኔታ መለኪያ፣ በመሣሪያ ለማረፍ የሚረዳ አቅጣጫ መሪ፣ የማኮብኮቢያ መብራት። ሚኒማውን ዝቅ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው፤ የሚገዙት ደግሞ በበጀት ነው። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ለኮምቦልቻ ምን እንዳለ፣ ምን እንደሚቀር፣ መቼ እንደሚሟላ ለሕዝቡ በግልጽ ይንገር። በረራ ሲመለስም ተርሚናሉ ውስጥ ላለው ሰው «በአየር ፀባይ ምክንያት» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ደመናው የት ድረስ እንደወረደ፣ ለማረፍ ስንት እንደሚያስፈልግ ቢነገረው የወሎ ሰው ይገባዋል።

የከተማችን ድርሻ ደግሞ አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ ቦይንግ 737 ርግቦች ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገብተውበት ወድቆ፣ ከ104 ሰዎች 35 ሞተዋል። ርግብ እህል ባለበት ትሰፍራለች፤ ጥንብ አንሳ ቄራና ቆሻሻ ባለበት ያንዣብባል። በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ ቆሻሻ እንዳይጣል፣ እህል እንዳይሰጣ፣ ከብት አጥር ጥሶ እንዳይገባ መከልከል የከተማ አስተዳደሩና የአካባቢው ነዋሪ ሥራ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም፣ ከመጪው ክረምት በፊት ሊያልቅም ይችላል።