እርማት፦ ሣር ስላጠረ ውሃ አይቆጥብም

ወንድም ዓለም፣ «ልጆች ኳስ እንዲጫወቱበት ሰመር ላይ ሣሩን ምልጭ አድርጋችሁ እጨዱት፤ ውሃም ይቆጥባል» ያልከውን ብዙ ሰው ያምንበታል፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ በየጓሯችን የሚበዛው ቶል ፌስኪው የሚባለው፣ ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚወድ ሣር ነው። በሐምሌ ሙቀት ስትላጨው ምግቡን የሚሠራበት ቅጠል ያጣል፣ ሥሩም ያጥራል። አፈሩ ለፀሐይ ስለሚጋለጥ ቶሎ ይደርቃል፤ ክፍተቱን አረም ይሞላዋል። (አገር ቤት ሐምሌ ክረምት ነው፤ ቢላጭም ዝናቡ ያነሳዋል። ልማዱ ከዚያ አብሮን መጥቶ ይሆን?)

የማጨጃውን ከፍታ ከ3 እስከ 4 ኢንች አድርገው፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አትቁረጥ። ውሃውንም በየቀኑ ከመርጨት በሳምንት 1 ኢንች ያህል፣ ማለዳ ላይ፣ ጠልቆ እንዲገባ አጠጣ። ቡናማ ከሆነ ሞቷል ብለህ አትቸኩል፤ አንቀላፍቶ ይሆናል። ያኔ ግን የልጆች ሩጫ አይችልምና ጎሉን በየጥቂት ቀኑ አዛውረው። ልጆች ውሃ የሚጫወቱበትን የፕላስቲክ ገንዳማ ማታ ማታ አንሳው፤ የኛው ከሥሩ ክብ ቢጫ ትቶልን፣ መስከረም ላይ ዘር እስክንዘራበት ድረስ ስናየው ከረምን።