ከካሴቱ ጀርባ የቀሩ ዘፈኖች ጎንደር ላይ መቼ ይዘፈኑ?

ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ ታዳሚው የማያያት አንዲት ወረቀት አለች። ከሞኒተሩ፣ ማለትም ወደ ዘፋኙ ከዞረው ድምፅ ማጉያ፣ አጠገብ በፕላስተር ተለጥፋ፣ በወፍራም ማርከር 15 ወይም 16 የዘፈን ስም ተጽፎባት ትቀመጣለች። የሌሊቱ ዕጣ ያለው እሷ ላይ ነው። ከላይ ወደ ታች ለሚያነባት ሰው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አላት፦ ሕዝቡ በቃሉ የሚያወጣቸው ዘፈኖች አናቷንና ግርጌዋን ይይዛሉ፤ ዘፋኙ ራሱ የሚወዳቸው፣ ብዙ ሰው ግን ያልሰማቸው፣ ከ11 እስከ 13 ባለው ተራ ይሰደራሉ። ሰዓት ሲያጥር በመጀመሪያ የሚሰረዘውም ይኸው ተራ ነው።

«የጎንደር ሕዝብ የማያውቀውን ዘፈን አይወድም» የሚሉ አዘጋጆች ብዙ ናቸው። ሕዝቡ መቼ ተጠየቀ? ዘፈኑ ወይ ሳይዘፈን ይቀራል፣ ወይ ሳይለማመዱት፣ ሁሉም ደክሞት ሳለ ይዘፈናል። ከዚያ ጥፋቱ ታዳሚው ላይ ይለጠፋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለባንዱ 90 ደቂቃ ተሰጠው እንበል። ዘፈን በአማካይ 5 ደቂቃ ቢፈጅ 18 ዘፈን ይገባል ይባላል፤ ሰላምታውን፣ የባንዱን አባላት ማስተዋወቁን፣ ክር ማስተካከሉን ስናነሣለት ግን 15 ይቀራል። የኛ አገር መድረክ ደግሞ ሽልማት አለው። ሸላሚው ብሩን ይዞ ሲወጣ ድራመሩ ምቱን አያቆምም፣ ዘፋኙ የሸላሚውን ስም እየጠራ አዝማቹን ይደጋግማል፣ 5 ደቂቃ የነበረው ዘፈን 10 እና 12 ይሆናል። የሚሸለመው የታወቀው ዘፈን ላይ ስለሆነ ሰዓቱን የሚበላው ሂቱ፣ የሚቀጣው ያልታወቀው ነው። በ2 ሰዓት ይጀመራል የተባለው ዝግጅት ከ3 ሰዓት ካለፈ ደግሞ ወረቀቷ ገና ከመነሻው ተቀድዳለች።

ስለዚህ ያልተሰማውን ዘፈን ለማዘፈን የሚፈልግ ባንድ 4ኛ ተራ ላይ ያድርገው። አንደኛው የታወቀ ይሁን፤ ሁለተኛው እስክስታ የሚያስነሣ፤ ሦስተኛው ሰው አብሮ የሚዘፍነው። በዚያን ጊዜ ሳውንድ ማኑም ድምፁን አስተካክሎ ጨርሷል፣ የዘፋኙም ጉሮሮ ገና ትኩስ ነው፣ ሰውም ወደ መጠጡ አልዞረም። ሁለተኛውን ያልታወቀ ዘፈን ከቀዝቃዛው ትዝታ ቀጥሎ፣ 9ኛ ወይም 10ኛ ላይ ማስገባት ይቻላል። ከ15 ዘፈን ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ በላይ ለከፈለው ሰው አለማሰብ ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለና። ሬዲዮሄድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ ስሙንም ያስጠራለትን «ክሪፕ» ለዓመታት ከመድረክ አርቆት ቆይቶ በ2016 መልሶ ዘፍኖታል። የሠሩትን ዘፈን መሰልቸት ለሙዚቀኛ ያለ ነገር ነው፤ ታዳሚው ግን 300 ጊዜ አልሰማውም። ከሩቅ ለመጣ ሰው የሚወደውን መከልከል ኩራት እንጂ ጥበብ አይመስለኝም።

የሮክ ባንዶች ይህን ጥያቄ የፈቱት ታዳሚያቸው ማን እንደሆነ በመለየት ነው። ሜታሊካ በ2023 በጀመረው ጉዞ በአንድ ከተማ ሁለት ሌሊት እየተጫወተ በሁለተኛው የመጀመሪያውን ሌሊት ዘፈን አልደግምም አለ። ፊሽ የተባለው ባንድ በ2017 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ 13 ሌሊት ተጫውቶ አንድም ዘፈን አልደገመም። ሁለቱም የሚያውቁት ነገር አለ፤ ያው ሰው ነገም ይመለሳል።

ጎንደር ውስጥ እነዚህ ሁለቱም ታዳሚዎች አሉ፣ ባንዶቻችን ግን እንደ አንድ ያዩዋቸዋል። የጥምቀት ሰሞን ከአዲስ አበባም፣ ከውጭ አገርም የመጣው እንግዳ ጥር 10 ከታቦቱ ጋር ወደ ፋሲል መዋኛ ወርዶ፣ ቃና ዘገሊላን አክብሮ ይሄዳል። ለዚህ ሰው ሂት ይገባዋል፣ ክርክር የለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንኑ ቤት የሚያዘወትር የከተማው ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ያንኑ 15 ዘፈን፣ ለዚያውም በያው ተራ፣ ለምን ይስማ? የምሽት ቤት ባንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫወተው የሌላ ዘፋኝ ሥራ ስለሆነ ለሱ ነገሩ ይቀልለታል። አስቴር አወቀ ትውልዷ እዚሁ ጎንደር ነው፤ የአልበሞቿም ብዛት የታወቀ ነው። ከዚያ ሁሉ ያችኑ ጥቂት መርጦ መመላለስ ስንፍና ነው።

ደግሞ «ያልታወቀ» የሚባለው ለማን ነው? በካሴት ዘመን ያደገ ሰው አንድን ዘፈን ለመዝለል ቴፑን ማጠንጠን፣ ማቆም፣ ማዳመጥ፣ እንደገና ማጠንጠን ነበረበት። ባትሪ ይጨርሳል፣ ክሩም ይጠላለፋል። ስለዚህ ጎን ሀን ጨርሶ ይገለብጠዋል፣ ጎን ለንም ሳይወድ በግዱ ይሰማል፣ ሲውል ሲያድር ይወደዋል። ዛሬ 40 ዓመት ያለፈው ጎንደሬ የካሴቱን ጀርባ በተራ ቁጥሩ ያውቃል። ክሊፕ የተሠራለትን አንድ ዘፈን በስልኩ ብቻ የሚሰማው ወጣት ነው እንጂ የማያውቀው። ግሬትፉል ዴድ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1984 ለሚቀዱት ታዳሚዎች የራሳቸውን ቦታ እስከመከለል የደረሰው የካሴትን ጉልበት አውቆ ነው፤ ብርቅዬው ዘፈን ከእጅ ወደ እጅ በካሴት ዞሮ ሌላ ከተማ ሲደርስ የሚጠየቅ ዘፈን ይሆንለት ነበር።

አሁን ሥራው ላይ እንምጣ፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ያልታወቀ ዘፈን ስሕተት አይሸከምም። ሂት ላይ ኪቦርዱ ቢዘገይ ሕዝቡ ራሱ ዘፍኖ ይሸፍነዋል፤ ባልታወቀው ላይ ግን ክፍተቱ ባዶውን ይሰማል። ክራር ያለበት ባንድ ከሆነ ደግሞ ቅኝት፣ ማለትም የክሮቹ ድምፅ አደራደር፣ አለ። ከዶ ተነሥተን ብንቆጥር ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሄድ ሦስት ክር መወጠር አለበት፤ አዲስ የተወጠረ ክር ደግሞ ወዲያው ይረግባልና ሁለተኛ ማስተካከል ይፈልጋል። ከአንድ ደቂቃ በላይ ዝምታ ማለት ነው፤ አዳራሹ ወደ ወሬው ይመለሳል። በዚህ ዝምታ ማግሥት የማያውቁትን ዘፈን ማምጣት በገዛ እጅ ማፈር ነው። ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ከሆነ ሚ እና ላን በግማሽ ድምፅ ማርገብ ይበቃል። ስለዚህ ዘፈኖቹን በቅኝት መደርደር፣ ካልሆነም ሁለተኛ ክራር ተቃኝቶ ከጎን መቀመጥ አለበት። ማሲንቆ ይህ ጣጣ የለበትም። አንድ ጭራ፣ አራት ጣት፣ የፈለገውን ቅኝት ይጫወታል፤ ክራሩ እስኪስተካከል መሸጋገሪያውን ለማሲንቆው መስጠት ነው።

መሸጋገሪያው ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። «ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም፣ ግን እንሞክራት» ብሎ መግባት ሰውን ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ነው። ይልቅ ሂቱ ሲያልቅ የችክችካው ምት ሳይቋረጥ፣ ድራሙና ቤዙ በያዙት ፍጥነት፣ አዲሱ አዝማች ይግባ። እስክስታ የያዘ ትከሻ ምቱ እስካልቆመ ድረስ የዘፈኑን ስም አይጠይቅም። ለዚህ ቢያንስ ሦስት ሙሉ ልምምድ ያስፈልጋል፤ «ጊዜ የለም» ለሚሉ ባንዶች ደግሞ ሥራው የሚቀዘቅዝበት የሁዳዴ 55 ቀን አላቸው።

ሜዳ ላይ ሲሆን ሌላ ችግር ይጨመራል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 50 ሜትር ርቆ ያለ ግንብ ቃሉን ከሰከንድ ሲሦ ለማይርቅ ጊዜ አቆይቶ ይመልሰዋል። የታወቀውን ግጥም ጆሮ ራሱ ያሟላዋል። ግጥሙ የታጨቀ፣ ፈጣን፣ ያልታወቀ ዘፈን ግን ጩኸት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለሜዳ ረጋ ያለውንና አዝማቹ አጭር የሆነውን መምረጥ ይገባል። ሳውንድ ማኑም በመጀመሪያው አንቀጽ ጊታሩንና ኪቦርዱን ሁለት ሦስት ዴሲቤል ዝቅ ቢያደርግ ቃሉ ይወጣል።

ሂቶችን አንድ አንድ ደቂቃ ቆራርጦ አንድ ላይ መስፋትን መፍትሔ ያደረጉ አሉ። ሂቱም አልተዘፈነ፣ አዲሱም አልገባ። አዝማሪዎቻችን ከዚህ የተሻለ ያውቃሉ፦ ዜማው ሁሉም የሚያውቀው ነው፣ ግጥሙ ግን የዛሬ ማታ ነው፤ ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ስንኙን ራሱ ያቀብላል። ጊታርና ዲስቶርሽን የያዘ ባንድም የታወቀውን ዜማ መግቢያ ይዞ ካልታወቀው ግጥም ጋር ቢያጋጥመው የሚከለክለው የለም። ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ኤርታሌ» አልበሙ ቅኝታችን የሮክ ጊታርን እንደሚሸከም አሳይቷል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያልታየ ዕድል አለ። ኪቦርዱ ይሞታል፣ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ሚክሰሩ እስኪመለስ ደቂቃዎች ያልፋሉ፣ ብዙ ባንድ በዚህ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ከበሮና ማሲንቆ ግን መብራት አይጠይቁም። በወረቀቷ ኅዳግ ላይ ለዚህች ሰዓት የተያዘ አንድ የካሴት ጀርባ ዘፈን ይጻፍ፤ ዘፋኙ ማይኩን አስቀምጦ ወደ መድረኩ ጫፍ ይውጣ። ጨለማ ውስጥ ሰው ስልኩን አብርቶ ዝም ይላል፣ ቃሉን ይሰማል። መብራቱ ሲመጣ ኪቦርዲስቱ ዘፈኑ እስኪያልቅ እንዳይነካ አስቀድሞ ይነገረው።