ሰባት ሳምንት ላቲን፣ ፈተናው አማርኛ
የግራፊክ ዲዛይን መግቢያ ብለው ሰባት ሳምንት ሙሉ ስለ ላቲን ፊደል አስተማሩን። ሄልቬቲካ የሚባለው የፊደል ቅርጽ (ፎንት) በ1957 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ መሠራቱን ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝም እናገራለሁ። የትልቅና የትንሽ ፊደል ምጣኔማ አይነሣብኝ! የመጨረሻው ሥራ ታዲያ ምን ሆነ? የአማርኛ ፖስተር። ትልቅና ትንሽ የሚባል የሌለውን፣ 33ቱ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ሰባት መልክ የሚይዙበትን ጽሑፍ በየትኛው ትምህርት ላስተካክለው?

ፒያሳ ሄጄ ሳሳትም ደግሞ ስክሪን ላይ የደመቀው አረንጓዴ የጠወለገ ጎመን መስሎ ወጣ። ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ ግን በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም እንደሚሠራ የነገረኝ መምህሬ ሳይሆን አታሚው ነው፤ ያውም ገንዘቤን ከተቀበለ በኋላ።

የመምህሬ አስተያየት? «የፊደላቱ ክፍተት ይስተካከል» ይላል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።