«ለወፍ ነው እንዲህ የምትሆኚው?»

ቃሪያ ሞተ።

ይህን ስል የሚስቅ እንዳለ አውቃለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ራሷ «የትኛው ቃሪያ? በረንዳ ላይ የተከልሽው?» ብላኛለች። ቃሪያ ወፌ ነው። አረንጓዴ፣ ፊቱ ቢጫ፣ ከአንድ እንቁላል የሚቀል። አራት ዓመት አብረን ኖረናል። ከሞተ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ። አሁን የምጽፈው ግን ሐዘኑ ብቻ አስጽፎኝ አይደለም። ሰው አናዶኝ ነው።

ከአለቃዬ ልጀምር። ሰኞ ጠዋት ደወልኩላቸው። ድምፄ በለቅሶ ተዘግቷል። «ዛሬ መምጣት አልችልም፣ ወፌ...» ስል አላስጨረሱኝም። «ውይ! የወፍ በሽታ ነው? ዓይንሽ ቢጫ ሆኗል እንዴ? ቅባት እንዳትነኪ!» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ ከልባቸው ደነገጡ። የለም፣ የማሳድገው ወፍ ሞቶብኝ ነው ስላቸው ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። «እሺ፣ ከዓመት ፈቃድሽ ይያዛል» አሉ። ጉበቴን ቢያመኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ገባሁ። አንዱ «ኔትወርክ አለ?» ሲል ሌላው ከወዲያ «ወፍ የለም!» ብሎ መለሰለት። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ሁሉም እኔን አዩኝ። ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅኩ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

«ሌላ ግዢ» ባዮቹ ግን ይብሳሉ። ይቺን ምክር ስንት ሰው እንደሰጠኝ መቁጠር ትቻለሁ። ሻጩ ቃሪያን ሲሰጠኝ «ላቭ በርድ ናት፣ ሴት ናት» ብሎኝ ነበር። ሁለቱም ውሸት። ባጀሪጋር የሚባል የአውስትራሊያ ወፍ ነው። ሲጎለምስ ደግሞ ከምንቃሩ በላይ ያለችው ቆዳ ሰማያዊ ሆነች፤ የወንድ ምልክት ናት። ወንዶቹ ድምፅ ይቀዳሉ። የኛ ኮንዶሚኒየም ልጆች መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በአንድ አፍ «መጣ!» ብለው ነው የሚጮኹት። ቃሪያ ያቺን ቃል ያዛት። በቃ፣ ሌላ ቃል አላስፈለገውም። መብራት ሳይመጣ «መጣ!» ይልና ስንቴ ቻርጀር ልሰካ ተነስቻለሁ። ማታ ከሥራ ገብቼ በር ስከፍትም «መጣ!» ነው። «መጣች» ማለቱን አልቻለበትም። ብቻዬን ለምኖር ሰው በሩን ከፍቼ ስገባ መምጣቴን የሚናገር ነበር ማለት ነው። እና የትኛውን «ሌላ» ነው የምገዛው?

አሟሟቱን እነግራችኋለሁ። ማንም እስከ መጨረሻው አልሰማኝም።

እኔ ቤቴ ቡና አልቆላም። ዕጣንም አላጨስም። አራት ዓመት ሙሉ። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም ሲባል ሰምቼ ነው። አቮካዶ እንደሚመርዘውም አውቃለሁ፣ ጁስ ስጠጣ እንኳ ወደሱ አላስጠጋም። እና ቡና የምጠጣው ከጎረቤቴ ከእማማ ጋር ነው፣ እሳቸው ቤት። ቅዳሜ ጠዋት እንቁላል ልጠብስ ኖንስቲክ የሚባለውን፣ ምግብ የማያጣብቀውን መጥበሻዬን ስቶቭ ላይ ጣድኩ። ገና ዘይት ሳላፈስ መብራት ድርግም አለ። «ኤጭ!» ብዬ ወጣሁ። ስቶቩን ሳላጠፋ። እማማ በከሰል ቡናቸውን አቀራርበዋል። አቦሉን ጠጣሁ። ቶናው ላይ ከታች ልጆቹ «መጣ!» አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ልነሳ ስል እማማ «በረካውን ሳትጠጪ? ነውር አይደለም እንዴ ልጄ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ስመለስ ቤቱ በጭስ የታፈነ እንዳይመስላችሁ። ትንሽ የፕላስቲክ ሽታ ነው። መጥበሻው ባዶውን ግሏል። ቃሪያ ከቆጡ ወርዶ የሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ነው። ላባው ተነፍቷል፣ አፉ ተከፍቷል፣ በተነፈሰ ቁጥር ጭራው ከፍ ዝቅ ይላል። በረንዳ አወጣሁት። በሌላው እጄ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ደወልኩ። ያነሳው ልጅ «ስንት ዶሮ ነው ያለሽ?» አለኝ። አንድ ወፍ ነው አልኩት። «ከስንቱ አንድ?» አለኝ። እሱን ሳስረዳ መዳፌ ላይ ጭራው ቆመ።

ለካ እነዚህ መጥበሻዎች የሚለበጡበት ነገር፣ ፒቲኤፍኢ ይሉታል፣ ከ260 ዲግሪ አልፎ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ወፍ ይገድላል። በደቂቃዎች ውስጥ። እኛን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጉንፋን ነው የሚያደርገን። ወፍ ከሳንባዋ ሌላ ዘጠኝ የአየር ከረጢት አላት፤ አየር ስታስገባም ስታስወጣም ሳንባዋን ንጹህ አየር ያልፍበታል። ያን ያህል አየር ከሳበች መርዙንም ያን ያህል ትስባለች። እንግሊዞች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ማዕድን ጉድጓድ ካናሪ ይዘው ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነው፤ ጋዝ ካለ ወፏ ቀድማ ትወድቃለች። እኛ ደግሞ ከሰል አስገብተው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ በየክረምቱ እንሰማለን። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ከሞተ በኋላ ነው። ወፍ የምታሳድጉ ካላችሁ እንዲህ ያለ መጥበሻችሁን ዛሬውኑ ከቤት አውጡ። ዕጣን አርቄ መጥበሻ የረሳሁ እኔ ነኝ፣ ማንንም አልወቅስም። ለራሴ የምለውን ግን እናንተ አትችሉትም፣ ስለዚህ እባካችሁ አታግዙኝ።

የቀብሩን ነገር ደግሞ ስሙ። ኮንዶሚኒየም ጓሮ የለውም። ሲመሽ በነጭ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ፣ በሻይ ቅጠል ካርቶን አድርጌ፣ አጥሩ ሥር በማንኪያ ስቆፍር ጥበቃው ባትሪ አበራብኝ። «ምንድን ነው እሱ?» ወፍ ነው አልኩት። በጭለማ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የሞተ ወፍ። በማግስቱ ሕንጻው ሁሉ መተት እንደቀበርኩ ሰምቷል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ልጇን ከእኔ በር ፊት እየጎተተች ነው የምታሳልፈው። ጥበቃው ካርቶኑን አስወጥቶኝ አይቶታል፣ በመጨረሻ እኔው መልሼ በረንዳዬ ላይ ጤና አዳሙ ሥር ቀበርኩት።

«ሰው እየሞተ አንቺ ለወፍ?» የሚሉኝም አሉ። እንባ እንደ ሸማቾች ዘይት በኮታ የሚታደል ይመስላቸዋል። ለሰውም አልቅሻለሁ። በአካል አይቻቸው የማላውቅ ሰዎች ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ንፍሮ በልቻለሁ። የአለቃዬ አክስት ሲያርፉ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ወንበር ያመላለስኩ እኔ ነኝ። አንዷ ደግሞ «ኃጢአት ነው» አለችኝ። ማቴዎስ ወንጌል ላይ ስለ ድንቢጥ የተጻፈውን ሄዳ ታንብብ።

«ያጽናሽ» ያለችኝ ነፍስ አንዲት ናት። እማማ። በሦስተኛው ቀን አንኳኩተው ገቡ። ስለ በረካው አልነገርኳቸውም፣ አልነግራቸውምም። የሽቦ ቤቱን አዩ፣ ወዲያው ዓይናቸውን መለሱ። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጉልበታቸው ሲያወሩ ቆይተው ሲወጡ ብቻ «ያጽናሽ ልጄ» አሉ።

ከቃሪያ ምግብ ግማሽ ኪሎ ዳጉሳ ቀርቶኛል። መብራት አሁንም ይሄዳል፣ ይመጣል። ልጆቹ ከታች «መጣ!» ሲሉ ተነስቼ ስቶቩን አያለሁ። ሶኬቱን ነቅዬዋለሁ፣ ግን አያለሁ።

እና ትናንት ደረጃ ላይ ያገኘሽኝ እህቴ፣ «ካልፈለግሽው ያን የሽቦ ቤት ለሽንኩርት ማስቀመጫ ስጪኝ» ያልሽኝ፣ ደንግጬ ነው «እስኪ አያለሁ» ያልኩሽ። አይቻለሁ። አልሰጥሽም።